ሰው የሌለበት ቤት ውሃ ይዞ አይደር

ደብረ ብርሃን ላይ ቧንቧ ሌሊት ቢሰነጠቅ ሌሊት አይታወቅም። ውሃው በረዶ ሆኖ ስንጥቁን ራሱ ይደፍነዋል። ጉዱ የሚወጣው ፀሐይ ሞቅ ስትል ነው። ሦስት ሰዓት ተኩል፣ አራት ሰዓት ገደማ፣ ሰው ሁሉ ወደየሥራው ከሄደ በኋላ። በረዶው ይለቃል፤ ውሃው ግድግዳውን ይዞ ይወርዳል። ቤት ውስጥ ሰው ካለ ሮጦ ይዘጋዋል። ሰው ከሌለ ግን የውሃ ፈረቃው እስኪያበቃ ይፈሳል፤ በሚቀጥለውም ፈረቃ ይፈሳል። ቆጣሪው ደግሞ ማንም ጠጣው ማንም አፈሰሰው መቁጠሩን አይተውም።

ዘንድሮ የእናቴ ቤት ሰው የለውም። እማዬ ጉልበቷን ለመታከም አዲስ አበባ እኔ ጋ መጥታለች። ክትትሉ ከኅዳር እስከ ጥር ድረስ ነው። ብርዱም የሚበረታው ልክ በእነዚህ ወራት ነው። ተከራይ እናስገባ ብንላት "ቤቴን ሳልሞት አላወርስም" ብላ ዘጋችን። ስለዚህ ቤቱ ተቆልፎ ይከርማል። ከበር ቁልፉ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ቧንቧው ነው።

ይህን አዲስ አበባ ላለ የሥራ ባልደረባዬ ብነግረው ሳቀብኝ። "ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ ቧንቧ በረዶ ይሠራል?" አለ። አልፈርድበትም። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ራሱ ግማሹ ሰው ይስቃል። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ እዚያ ሰው የሚጨነቀው ስለ ሙቀት ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አልፋለች። መሐል ሜዳ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በደምሳሳው 1,000 ሜትር በወጣን ቁጥር ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይወርዳል። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና የወረደ ተሳፋሪ ጃኬቱን የሚያወልቀው ለዚህ ነው። ደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካ ከተማ መሆኗም ያምርባታል።

ከፍታው ግን ብቻውን አይደለም። ሐምሌም እኮ እዚያው ከፍታ ላይ ነን። ሐምሌ ይበርዳል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ጭቃው አይጣል ነው፤ ቧንቧ ግን አይነካም። ደመናው ሌሊቱን ሙሉ ምድሪቱን ሸፍኗት ያድራል። ከጥቅምት በኋላ ሰማዩ ይጠራል። "በጥቅምት አንድ አጥንት" የተባለበት ብርድ ገባ ማለት ነው። መሬቱ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ይለቃል፤ የሚመልስለት ደመና የለም። ገበሬው ይህን ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። ኮከቡ ደምቆ ነፋሱ ቀጥ ያለ እንደሆነ "ዛሬስ ውርጭ ነው" ይላል፤ ያኔ ባቄላውም ምስሩም አደጋ ላይ ነው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል። ከተራራው ወገብ ላይ ያለው ማሳ ሲተርፍ ሜዳው ላይ ያለው ይመታል። ቤትም እንደዚያው ነው። ወደ በሬሳ ወንዝ ዝቅ ብሎ የተሠራ ቤትና ከፍ ብሎ የተሠራ ቤት አንድ ከተማ ውስጥ ሆነው ብርዳቸው ይለያያል።

ሌላም ነገር አለ። ሰማይ በቀጥታ የሚያየው ዕቃ በዙሪያው ካለው አየር ይበልጥ ይቀዘቅዛል። የቆርቆሮው ጣሪያ ላይ አመዳይ የሚታየው አንዳንዴ አየሩ ራሱ ዜሮ ሳይደርስ ነው። እንግዲህ የእኛን ሰፈር ቤቶች ቀና ብላችሁ እዩ። ሮቶው ማማ ላይ ተቀምጧል። ከሮቶው የሚወርደው ግማሽ ኢንች ቱቦ ልብስ የለው፣ ጥላ የለው፣ ጣሪያው ላይ ተጋድሞ ኮከብ ሲቆጥር ያድራል። መጀመሪያ የሚመታው እሱ ነው። ግድግዳ ተደግፎ ክፈፉ ሥር የሚያልፈው ብዙ ጊዜ ይተርፋል።

ሮቶውስ? ሮቶው አይፈራም። ውሃ ዜሮ ዲግሪ ስለደረሰ ብቻ በረዶ አይሆንም። አንድ ኪሎ የዜሮ ዲግሪ ውሃ ወደ በረዶ ለመለወጥ የሚያጣው ሙቀት፣ ያው ውሃ ከ80 ዲግሪ እስከ ዜሮ ሲቀዘቅዝ ከሚያጣው ጋር እኩል ነው። 1,000 ሊትር ይህን ሁሉ ሙቀት በአንድ ሌሊት አያጣም። ላዩ ላይ ስስ በረዶ ቢይዝ ነው። ቀጭን ቱቦ ውስጥ ያለው ግን ስንት ነው? አንድ ሜትር ውስጥ ሁለት ብርጭቆ እንኳ አይሞላም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዜሮ ገብቶ ንጋት ሳይሆን ያልቅለታል። ግቢ ውስጥ የተረሳ የአትክልት ጎማ ጠዋት አንስታችሁ ታውቁ እንደሆነ ይህ ይገባችኋል። እንደ ዱላ ቀጥ ብሎ ይነሳል፤ ጎንበስ ሲያደርጉት ውስጡ ክርር ይላል።

አምና እማዬ ቤት ውስጥ እያለች አንድ ኤልቦ፣ ያ የቱቦ መታጠፊያው፣ ተሰንጥቆ ነበር። የገረመኝ የተሰነጠቀበት ቦታ ነው። ጣሪያው ላይ ያለው ቱቦ ደህና ነው። የሄደው ታች፣ ከኩሽናው ግድግዳ ውጭ፣ ከቧንቧው አንድ ክንድ እንኳ የማይርቀው ነው። ብርዱ እዚያ ያን ያህል አይደለም። ቧንቧ ሠራተኛው ቆርጦ አወጣውና እጄ ላይ አስቀመጠው። ስንጥቁ ፀጉር ያህል ነው፤ ወደ ብርሃን ካላዞሩት አይታይም። ጣቴን ሳስኬድበት ግን ያዘኝ።

"በረዶው ላይ ነው፣ ጣጣው ታች ነው" አለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ በመቶ 9 ያህል ይጨምራል። በረዶው ጣሪያው ላይ ቱቦውን ይወትፈዋል። ከዚያ እየወፈረ ሲሄድ ታች ያለውን ውሃ ይገፋዋል። ታች ቧንቧው ተዘግቷል። ውሃ ደግሞ እጨመቃለሁ አይልም። መሄጃ ያጣው ግፊት ደካማ መገጣጠሚያ ይፈልጋል፤ ኤልቦ ወይም የቧንቧው አንገት ያገኛል። ስለዚህ ቱቦን የሚሰብረው ብርዱ ሳይሆን መውጫ ያጣ ውሃ ነው። ይህ ከገባን የቀረው ቀላል ነው። ውሃው ከሌለ ወይም ማምለጫ ካለው ቱቦው ይተርፋል።

እማዬ ይህን ሁሉ ትንታኔ ሰምታ "እሱስ ባና ብታለብሱት አይበርደውም" አለች። የመንዝ ባና ማለቷ ነው፤ ከበግ ፀጉር የሚሠራው። ሳጥን ውስጥ ብል የበላው አሮጌ ባና አላት። ለመጣልም አሳዝኗት፣ ለመልበስም አልሆን ብሎ የተቀመጠ።

ወንድሜ ደግሞ ከካናዳ ይጮሃል። የሚኖረው ኤድመንተን ነው። እሱም ለገና ወደዚህ ስለሚመጣ የራሱን ቤት ሊዘጋ ነው። ስልክ ላይ የሚያወራው ሁሉ ስለ ቧንቧ ሆኗል። እዚያ ጥር ላይ ከዜሮ በታች 30 የሚገባበት ቀን አለ፤ ከዜሮ ሳይወጣ ሳምንታት የሚያልፉበት ጊዜም አለ። የከተማው የውሃ መስመር ከ2 ሜትር በላይ ተቆፍሮ የሚቀበረው ለዚህ ነው። እኛ ጋ ሁለት ስንዝር መሬት ውስጥ የገባ ቱቦ ብርድ አያገኘውም።

እነሱ ቤቱን የሚያሞቀው ምድጃ አላቸው፤ በጋዝ ነው የሚሠራው። ቤት ጥሎ የሚሄድ ሰው ሙቀቱን ቢያንስ 13 ዲግሪ ላይ አድርጎ ይሄዳል። የእቃ ማጠቢያውን ቁምሳጥን በር ከፍቶ ይተዋል፤ ሞቃቱ አየር ከሥሩ ያለው ቱቦ ጋ እንዲደርስ። ችግሩ መብራት ከጠፋ ነው። ጋዙ ቢኖርም ሙቀቱን የሚነፋው ማራገቢያ በመብራት ነውና ምድጃው ይቆማል። የኢንሹራንስ ውላቸውም ብዙ ጊዜ ቅድመ ሁኔታ አለው። በብርድ ወራት ቤቱን የሚያይ ሰው ይኑር፣ ወይ ደግሞ ውሃው ይዘጋና ይውጣ ይላል። ያን ካላደረግህ ጎርፍ ቢያጥለቀልቅህ ካሳ የለም።

ወንድሜ ሁለተኛውን ነው የመረጠው። ዋናውን ቫልቭ ይዘጋል። የውሃ ማሞቂያውን አጥፍቶ ያፈስሳል። ላይኛውንም ታችኛውንም ቧንቧ ይከፍታል። የሽንት ቤቱን ታንከር ይለቃል። ከዚያ በኮምፕሬሰር አየር እየነፋ የቀረችውን ጠብታ ያስወጣል። ሲፎኖቹ፣ ከማጠቢያው ሥር ውሃ የሚያቁሩት ጠምዛዛ ቱቦዎች፣ ውስጥ ደግሞ ሮዝ ቀለም ያለው ፀረ-በረዶ ፈሳሽ ይጨምራል። መኪና ራዲያተር ውስጥ የሚገባው መርዛማው ዓይነት ሳይሆን ለቤት ቧንቧ ተብሎ የሚሸጠው ነው።

"እናንተም ልክ እንደዚህ አድርጉ። ኮምፕሬሰር ተከራዩ" አለኝ።

"ከየት?"

"ጎሚስታ የለም እንዴ ሰፈራችሁ?"

ቧንቧ ሠራተኛው ይህን ሲሰማ በሳቅ ሞተ። የጎሚስታውን ኮምፕሬሰር በጋሪ አስጭኖ ግቢያችን ሲያስገባው ታየኝ ብሎ።

እኔ ሁለቱንም ሰማሁ። እማዬን ስሰማ አንድ ነገር ጎደለኝ። ባናው ሙቀት የለውም። ሰው ባና ሲለብስ የሚሞቀው የራሱ ገላ ስለሚያሞቀው ነው። ቱቦ ገላ የለውም። ባናው ማድረግ የሚችለው ቅዝቃዜውን ማዘግየት ብቻ ነው። ግን እኮ እዚህ ማዘግየት ቀላል ነገር አይደለም! እኛ ጋ ከዜሮ በታች የሚቆየው ከእኩለ ሌሊት ወዲህ ያለው ጥቂት ሰዓት ነው። ከዚያ ፀሐይ ትወጣለች፤ ቀትር ላይ ሰው በሸሚዝ ይሄዳል። ያን ጥቂት ሰዓት ያዘገየ ነገር ሌሊቱን አሸነፈ ማለት ነው። ኤድመንተን ሳምንቱን ሙሉ ለማይለቅ ብርድ ግን መቶ ባና ቢደርቡ ዋጋ የለውም። እንዲህ ብዬ ለወንድሜ ስነግረው ዝም አለ። እሱ ዝም ካለ ተስማምቷል ማለት ነው።

ቢሆንም ለባዶ ቤት ማልበሱን አልመረጥኩም። ሰው ያለበት ቤት ውሃው ይንቀሳቀሳል። አንዱ ሌሊት ይነሳል፣ አንዱ ንጋት ላይ ፊቱን ይታጠባል፣ ኩሽናው እሳት አለው። የተሰነጠቀ ነገር ቢኖርም በዕለቱ ይታያል። ባዶ ቤት ውስጥ ያው ውሃ በዚያው ቱቦ ውስጥ ስንት ሌሊት ቆሞ ያድራል። ከእነዚያ ሌሊቶች አንዷ ብቻ ከባናው አቅም በላይ ከሆነች በቂ ነው። ስለዚህ ውሃው ይውጣ አልን።

ኮምፕሬሰር አላስፈለገንም። ቧንቧ ሠራተኛው ቤቱን ዞሮ ዝቅተኛውን ቦታ ፈለገና ከግቢው ቧንቧ ሥር ቱቦውን ቆርጦ በቲ፣ በባለ ሦስት አፍ መገጣጠሚያ፣ አንድ ትንሽ ቧንቧ ገጠመበት። ላይ ያሉት ሁሉ ሲከፈቱ አየር ይገባል፣ ውሃው በራሱ ክብደት በዚያ ይወጣል። ጥግ ጥግ ላይ የምትቀር ጠብታ ትኖራለች። እሷ በረዶ ብትሆንም ግድ የለም፤ በዙሪያዋ አየር አለ፣ አየር ደግሞ ይጨመቃል። ወንድሜ ጋ ግን ይህ አይሠራም። የእነሱ ቱቦ ግድግዳና ወለል ውስጥ ተጠማዞ የሚሄድ፣ ጎድጎድ ያለ ቦታ ውሃ የሚያቁር ነው። እሱ ይንፋ።

ቦይለሩን ከማፍሰሳችን በፊት ብሬከሩን አወረድን። ይህቺን ቅደም ተከተል የሚያገላብጥ ሰው አለ። ውሃ የሌለው ቦይለር መብራት ካገኘ ማሞቂያው ወዲያው ይቃጠላል። ሲፎኖቹን አላፈሰስናቸውም። ቤት ውስጥ ስለሆኑ እኛ ጋ በረዶ አያገኛቸውም። የሚያገኛቸው ድርቀት ነው። የበጋ ደረቅ አየር ሲፎን ውስጥ ያለችውን ውሃ በወራት ውስጥ ይጨርሳታል፣ ከዚያ ሽታውም በረሮውም በዚያ ይገባል። ጥቂት የምግብ ዘይት ላዩ ላይ ጠብ ሲደረግ ዘይቱ ይንሳፈፍና ትነቱን ይይዘዋል። እማዬ "ዘይት በዚህ ዋጋ!" ብላ ልትጣላን ነበር። አንድ ሾርባ ማንኪያ ነው ብለን አሳየናት።

አንድ ቦታ ላይ ከወንድሜ ተለየሁ። እሱ ውሃው ከወጣ በኋላ ቧንቧዎቹን ሁሉ ከፍቶ ይሄዳል። እኛ በፈረቃ ለምንኖር ሰዎች ይህ አደገኛ ነው። ውሃ ሲጠፋ ቧንቧ ከፍቶ የረሳና ማታ መጥቶ ምንጣፉ ሲንሳፈፍ ያገኘ ሰው በየሰፈሩ አለ። ዋናው ቫልቭ ያረጀ ከሆነ ደግሞ ተዘግቶም ያሳልፋል። ስለዚህ ውስጥ ያሉትን መልሰን ዘጋናቸው፤ ቱቦው ውስጥ ያለው አየር ነውና ቢዘጉም ጉዳት የለውም። ግቢ ያለችው ዝቅተኛዋ ብቻ ክፍት ቀረች። ቫልቩ የሚያሳልፍ ከሆነ በእሷ ሜዳ ላይ ይፈሳል፣ ያየ ያያል። የቫልቩን እጀታ ፈትተን ወሰድን፤ የሰፈር ልጅ እንዳይከፍተው።

ባናውም ሥራ አላጣም። ከመንገዱ እስከ ቆጣሪው ያለውን መስመር እኛ ማፍሰስ አንችልም። ቆጣሪው የብረት ሳጥን ውስጥ ነው፤ ብረት ደግሞ ብርዱን አያስቆመውም። እማዬ ባናውን ለሁለት ቀደደችው። አንዱን ቆጣሪው ላይ፣ ሌላውን ከመሬት ብቅ ባለው ቱቦ ላይ ጠመጠምነው። ከላይ የማዳበሪያ ጆንያ አልብሰን በገመድ አሰርነው። የጆንያው ላስቲክ የግድ ነው። የረጠበ ባና ከማሞቅ ይልቅ ያቀዘቅዛል።

የሮቶውን ውሃ መሬት ላይ ለማፍሰስ አልደፈርንም። ለጎረቤታችን ነገርናቸው። ጀሪካን ያለው ሁሉ መጣ። ቁልፉም እሳቸው ጋ ነው የተቀመጠው።

"እትዬ፣ ጠዋት አይምጡ" አልኳቸው። "አራት ሰዓት ላይ ይምጡ።"

"ምነው ልጄ? እኔ እንደሆን ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ብቅ ማለት ይቀናኛል።"

"ጠዋት ቢሰነጠቅም አይታይም። በረዶው ይዞት ነው የሚያድረው።"

ትንሽ አሰቡና "ታዲያ ቅዳሴ የረዘመ ቀን ነዋ" አሉ። እሑድ እሑድ እንዲሆን ተስማማን።

ቆጣሪውን እንዴት እንደሚያዩም አሳየኋቸው። መሐሉ ላይ ያለችው ትንሿ ኮከብ ቀጥ ማለት አለባት። ዋናው ቫልቭ ተዘግቶ እሷ ከዞረች ውሃ የሆነ ቦታ እየሄደ ነው። ጆንያውን ፈትቶ ማሰሩ እንዳይሰለቻቸው ገመዱን በሸምቀቆ አሰርነው።

አንድ ነገር አደራ ብያቸዋለሁ። ቱቦ በረዶ ይዞ ቢያገኙ እሳት እንዳያስጠጉ። በሰፈራችን ጋዜጣ አቀጣጥሎ ቱቦ ሥር መያዝ የተለመደ ነው። ፒፒአር የሚባለው የፕላስቲክ ቱቦ ይቀልጣል፤ ጋልቫናይዝዱ ብረት ቢችለውም መገጣጠሚያው ላይ ያለው ቴፍሎን ይጎዳል። የፈላ ውሃም መድፋት አያስፈልግም፤ ድንገት የሞቀ ቱቦ ሊሰነጠቅ ይችላል። ቧንቧውን ከፍቶ፣ በሞቀ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ከቧንቧው በኩል ጀምሮ ወደ ላይ መጠቅለል ነው። የማይቸኩል ሰው ደግሞ ፀሐይዋን ይጠብቅ።

ወንድሜ ለገና ሲመጣ ቤቱን የሚከፍተው እሱ ነው። አከፋፈቱን በስልክ ጽፌ ልኬለታለሁ። መጀመሪያ ግቢ ያለችውን ዝቅተኛዋን ይዝጋ። ውስጥ ያሉትን ቧንቧዎች ትንሽ ትንሽ ይክፈት። ከዚያ ቫልቩን ሩብ ዙር ብቻ። አየሩ እየተንፋፋ፣ እየተፋ ይወጣል፤ ያ ካላለቀ አይጨምር። በአንድ ጊዜ ከከፈተው ውሃው አየሩን እየገፋ ሄዶ መገጣጠሚያውን ይመታዋል። ቧንቧዎቹን ከዘጋ በኋላ ኮከቧን ይይ። ብሬከሩን የሚያነሳው ቦይለሩ ሞልቶ በሙቅ ውሃው ቧንቧ በኩል ውሃ ሲወርድ ካየ ብቻ ነው። እማዬ ደግሞ የመጀመሪያውን ባልዲ ይድፋው ብላለች፤ ዝገት ይኖረዋል። የቫልቩ እጀታ እኔ ጋ ነው ያለው፤ ከአየር ማረፊያ ስቀበለው እሰጠዋለሁ።